አንድ ፌርማታ ወደ ኋላ

(ባለፈው አርብ ከሰዓት፣ ከየክፍለ ሀገሩ ለሥራ አዲስ አበባ ለገቡ ወጣቶች ስለ ከተማው ታክሲና አውቶቡስ የተናገርኩት ነው። አንዱ ልጅ በስልኩ ቀድቶት ነበር፣ እሱን ሰምቼ ገለበጥኩት። የተደጋገመውንም ብዙ አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ! … ኧረ ድምፅ! አርብ ከሰዓት መሆኑን አውቃለሁ፣ ምሳ በልታችሁ መምጣታችሁንም አውቃለሁ፣ ግን ሰላምታ እንኳ ይመለስልኝ እንጂ። እንደምን ዋላችሁ? እንዲህ ነው!

አዘጋጆቹን አመሰግናለሁ። ከእኔ በፊት የነበረችው እህታችን ስለ ቤት ኪራይ ነግራችሁ ፊታችሁ ሁሉ ጠቁሯል። እኔ ደግሞ የተከራያችሁት ቤት ከሥራችሁ እንዴት እንደሚገናኝ ልነግራችሁ ነው የቆምኩት። እግዜር ይሁናችሁ። (ሳቅ)

ራሴን ላስተዋውቅ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፣ ሂሳብ ነው የማስተምረው። እዚህ የተጋበዝኩት ግን ለእሱ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበርኩ። አዎ፣ ወያላ። ያኔም «ሂሳብ!» ስል ነበር የምውለው፣ ዛሬም «ሂሳብ!» ስል ነው የምውለው። ልዩነቱ ያኔ ሰው ይሰጠኝ ነበር። (ሳቅ)

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ፣ ለምን እንደምንቆም። ሁለተኛ፣ ቆሞ ላለመቅረት ምን ማድረግ እንደሚቻል። ሦስተኛ፣ ከተማውን ምን ብለን መጠየቅ እንዳለብን። ከመስመር ብወጣ ታገሱኝ፣ የድሮ ረዳት ነኝ፣ መንገድ ማቆራረጥ ልማዴ ነው።

እሺ፣ አንደኛ። ለምንድነው የምንቆመው?

ሰው ሁሉ «ታክሲ ስለሌለ ነዋ!» ይላል። መኪና ማነሱ ልክ ነው። ግን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መገናኛ ሂዱና እዩ። ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ተደርድሮ ረዳቱ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይጣራል። «አያት አያት አያት! የሞላ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ አንዱ እንዲያውም የሾፌሩ ጓደኛ ነው። (ሳቅ) እዚያው ቦታ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ተመለሱ። ሰልፉ ተጠማዞ ተጠማዞ ጫፉ አይታይም። መኪና የለም። እና ጠዋት የነበሩት ታክሲዎች የት ሄዱ? መሬት ዋጠቻቸው?

አልዋጠቻቸውም። መንገድ ላይ ናቸው። ማታ ላይ ሰው ሁሉ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ታክሲው ከመገናኛ ጭኖ፣ በጉርድ ሾላ፣ በሲኤምሲ አድርጎ አያት ያራግፋል። ከዚያስ? ከአያት ወደ መገናኛ በዚያ ሰዓት ማን ይመጣል? ባዶውን ወይም ሁለት ሰው ይዞ ነው የሚመለስ። መመለሻው ላይም መኪና አለ፣ መብራት አለ፣ አደባባይ ላይ የሚቆላለፍ አለ። እናንተ ሰልፍ ላይ ሆናችሁ «ታክሲ ጠፋ» ስትሉ ታክሲው እዚያ ማዶ ባዶውን ቆሞ እናንተ ጋ መድረስ አቅቶታል። ጠዋት ደግሞ ይሄው ነገር ተገልብጦ ነው።

ይሄ ከየት መጣ? ከከተማው አሠፋፈር ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ኮንዶሚኒየም የተሠራው በአብዛኛው ዳር ዳሩን ነው። ጀሞ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። መሀል ከተማ ይኖር የነበረው ሰው ቤቱ ፈርሶ ወይ ዕጣ ደርሶት ወደ ዳር ወጣ። ሥራውስ? መሥሪያ ቤቱስ? ገበያውስ? መሀል ቀረ። ስለዚህ በየማለዳው ከተማው በሙሉ ወደ መሀል ይፈሳል፣ በየማታው ወደ ዳር ይፈሳል። ኮዬ ፈጬ ኪራይ ረከሰልኝ ብላችሁ የገባችሁ አላችሁ? እጃችሁን አሳዩኝ። … አይዟችሁ። ብቻ የቤቱ ኪራይ ላይ የታክሲውን ሂሳብና የእንቅልፋችሁን ሰዓት ደምሩበት። ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፣ ዝም ብዬ አላልፍም።

ሌላው ምክንያት ገንዘብ ነው። ይሄን ከውስጥ ስለማውቀው ትንሽ ልቆይበት።

አብዛኛው ሾፌር መኪናው የራሱ አይደለም። ማታ ለባለቤቱ የሚያስገባው የተቆረጠ ብር አለ፣ «ገቢ» እንለዋለን። ዝናብ ቢዘንብ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ቢውል ገቢው ገቢ ነው። ከገቢው ሌላ ነዳጅ አለ። ለተራ አስከባሪ የሚከፈል አለ። ቅጣት ካለ ቅጣት። ከዚያ የተረፈው ነው የሾፌሩና የረዳቱ። መንግሥት ሐምሌ 2014 ላይ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር ለሕዝብ ማመላለሻ ለብቻው ድጎማ ትቶለት ነበር፣ ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ታሪፉም ነዳጁም ዝም ብሎ የተቀመጠበት ጊዜ የለም።

እንግዲህ አስቡት። ታሪፉ በርቀት ተወስኗል። ማታ ረጅሙን መንገድ በጭንቅንቅ ሄዶ አንዴ ከመቀበል፣ ግማሽ መንገድ ላይ አራግፎ እንደገና መጫን ይሻለዋል። ይሄ ነው ማቆራረጥ ማለት። መኪናው ላይ የተለጠፈው ታፔላ «መገናኛ – አያት» ይላል፣ ረዳቱ ግን «ሲኤምሲ ብቻ! ሲኤምሲ!» እያለ ይጠራል። ሲኤምሲ ወርዳችሁ ሌላ ትይዛላችሁ፣ ሌላ ትከፍላላችሁ፣ ሌላ ትቆማላችሁ። ጥፋት ነው? ጥፋት ነው፣ ሕጉም አይፈቅድም። እኔም ስጣራ ኖሬያለሁ። ግን ገቢ የሚባለው ነገር እስካለ ድረስ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ዞር ሲል ማቆራረጡ ይመለሳል። ረዳቱን መስደብ ለደቂቃ ያሳርፍ ይሆናል እንጂ መኪናውን አያት አያደርሰውም።

በነገራችን ላይ ስለ ረዳት ካነሳሁ አይቀር። እጁን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ብሩን በቁመቱ ያጥፈዋል። አምስቱ በአንድ ጣት መሀል፣ አስሩ በሌላው፣ ሃምሳው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። በግማሽ አካሉ ውጭ ተንጠልጥሎ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ፣ እጁን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ ሳያይ በጣቱ ብቻ መልስ ይቆጥራል። ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለም፣ ማን የት ወራጅ ነው፣ ሁሉንም በጭንቅላቱ ይዞ። ተማሪዎቼ ክፍልፋይ ሲያቅታቸው ይሄን ነው የማነሳባቸው።

ደግሞ ዝርዝር ሲያጥረው! ይሄን ያላየ አዲስ አበባ ገባሁ አይበል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ላይ አንድ ድፍን ብር ይሰጥና «አንተና እሷ ተካፈሉ!» ብሎ በሩን መታ መታ አድርጎ «ሳበው!» ይላል። ሁለታችሁ ወርዳችሁ የሚዘረዝር ሱቅ ፍለጋ አብራችሁ መሄድ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሚስቱን ያገኛት እንደዚያ ነው ብል ታምኑኛላችሁ? አስር ብር ለመካፈል ጁስ ቤት ገቡ፣ ጁሱ ከአስር ብር በለጠ። (ሳቅ) ለማንኛውም ዝርዝር ያዙ። ቴሌብር የሚቀበል ረዳትም አለ፣ ግን በእሱ ተማምናችሁ ባዶ ኪሳችሁን አትውጡ።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ቆሞ ላለመቅረት ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ምክሬ፣ ልብ በሉኝ፣ አንድ ፌርማታ ወደ ኋላ ሂዱ። ወደ ኋላ! አዲስ ሰው ሁልጊዜ የሚያደርገው ወደ ፊት መራመድ ነው። «እየሄድኩ እይዛለሁ» ይላል። አትይዝም ወንድሜ! መሀል መንገድ ላይ የሚመጣው ታክሲ መነሻው ላይ ሞልቶ ነው የሚመጣው። አጠገብህ ሲያልፍ ረዳቱ እጁን በመስኮት አውጥቶ ያወዛውዝልሃል፣ ሞልቷል ማለት ነው፣ ያ ብቻ ነው የሚደርስህ። ስለዚህ ወደ መነሻው፣ ወይም ከሌላ አቅጣጫ የሚመጡት ሰው ወደሚያራግፉበት ተመለስ። ሜክሲኮ ላይ ይሄን በደንብ ታዩታላችሁ። ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ተፋፍጎ ሲጋፋ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ሰው የሚያራግፈው መኪና እዚያው ዞሮ ይጭናል። አስር ደቂቃ ወደ ኋላ መራመድ ሞኝነት ይመስላል። ሞክሩት።

ቀጥሎ፣ ሰልፍ ካለ ተሰለፉ። በቃ ተሰለፉ። ከፊታችሁ ያለውን ሰው ቁጠሩና ለአስራ ሁለት አካፍሉት፣ ስንት ሚኒባስ እንደሚያስፈልግ በግምት ታውቃላችሁ። ሃይገር ወይም ቅጥቅጥ ከመጣ ደግሞ በአንዴ ብዙ ያነሳል። ቁጥሩ ካስፈራችሁ ሌላ መንገድ አስቡ እንጂ ጫፍ ላይ ቆማችሁ አትበሳጩ።

ስለ ሰልፍ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክረምት ነው፣ ሜክሲኮ፣ ማታ። ዝናቡ ይወርዳል። ሰልፉ ላይ ካለው ሰው ጃንጥላ የያዘው ጥቂት ነው፣ ሦስት ሦስት ሆነን ተጠልለናል። አንዲት እናት ዘንቢል ይዘው ከኋላ ቆመዋል። ማንም ምንም ሳይል አንዱ ልጅ «እማማ ወደ ፊት ይምጡ» አላቸው። ከፊቱ ያለው ደግሞ «ወደ ፊት ይለፉ» አለ። እንደዚያ በየሰው እጅ ሲተላለፉ ግንባር ደረሱ። ወዲያው አንድ ሽክ ያለ ጎረምሳ በጎን መጥቶ «እኔም ከእናቴ ጋር ነኝ» ብሎ ሊገባ ሲል፣ እማማ ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩትና «መቼ ወለድኩህ?» አሉት። (ሳቅ) ያ ሁሉ የተነከረ ሰው በሳቅ ፈነዳ። ልጁም ስቆ ወደ ኋላ ተመለሰ። ፖሊስ የለም፣ ገመድ የለም፣ ጽሑፍ የለም። ይሄ ሕዝብ ራሱ የሠራው ሥርዓት ነው፣ አታፍርሱት እባካችሁ።

ታክሲ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ መውረጃችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ። እዚህ ከተማ የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ብታወሩ ማንም አይገባውም። ሰው የሚያውቀው ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ማዞሪያውን፣ ባንኩን ነው። አንዳንዱ ምልክት ደግሞ ጭራሽ የለም። ዶሮ ማነቂያ ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል፣ ሰው ግን ዛሬም «ዶሮ ማነቂያ ጋ» ብሎ ይቀጣጠራል። ለእናንተ ለአዲሶቹ ይሄ ከባድ ነው፣ በዓይናችሁ የማታዩትን ሰፈር መፈለግ ነውና። ስለዚህ ከጎናችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ። «ስደርስ ይንገሩኝ» በሉ። ሙሉ ታክሲው ተባብሮ ነው የሚያወርዳችሁ፣ አልፎ አልፎም ተከራክሮ። «ወራጅ አለ!» ስትሉ ደግሞ ድምፅ አውጡ። በለሆሳስ ወራጅ ያለ ሰው ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ነው የሚወርድ።

አውቶቡስ አትናቁ። አንበሳ በ1930ዎቹ ጣሊያን ከወጣ በኋላ የተጀመረ ነው፣ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ከኋላው ሸገር መጣ። ረከስ ይላል፣ ዳር ድረስ ይሄዳል፣ መሀል ላይ አያቆራርጥባችሁም። ጉዳቱ መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁ ነው። ከመጣም ጭንቅንቁ! ስልካችሁን የፊት ኪስ ውስጥ፣ ቦርሳችሁን ደረታችሁ ላይ።

እዚህ ላይ ወንዶቹን ብቻ ላናግር። ሴቶች በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ ምን እንደሚደርስባቸው እናውቃለን። አናውቅም አትበሉ፣ እናውቃለን። የሚተሻሸውን ሰው እያየን መስኮት መስኮት እናያለን። እንዲህ ያለውን ስታዩ ጮክ ብላችሁ «አንተ፣ ዞር በል!» በሉ። አንድ ሰው ከተናገረ ሌላው ይከተላል። እሷ ብቻዋን እንድትጮህ አትጠብቁ።

ባቡሩስ? ይጠየቃል፣ አውቃለሁ። ቀላል ባቡሩ ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ላይ ነው። አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከፒያሳ ቃሊቲ። ቀኑ ትዝ ይለኛል፣ ሰው ለመሄድ ሳይሆን ለመሳፈር ብቻ ይሳፈር ነበር፣ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ቃሊቲ ደርሶ ይመለሳል። ሲጀመር 41 ባቡር ነበረው። ከዚያ መለዋወጫ ጠፋ፣ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፣ ብዙዎቹ ቆሙ። የቀሩት ባቡሮች ግን ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ የራሳቸው መንገድ አላቸው፣ የመኪና ጭንቅንቅ አይመለከታቸውም። ከመገናኛ ስታዲየም ወይም ሜክሲኮ የምትሄዱ ከሆነ፣ ረድፉም ግፊያውም ካላስጠላችሁ፣ ባቡር ነው የምመክራችሁ። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሀዲዱ በአጥር ታጥሮ መንገዱን ለሁለት ሰንጥቆታል። ፊት ለፊት የሚታይህ ሱቅ ለመድረስ መሻገሪያ ፍለጋ ሩቅ ትዞራለህ። ጎልማሳው ሰው አጥር ሲዘል ታዩታላችሁ፣ አትፍረዱበት፣ እናንተም ግን አትዝለሉ።

በስልክ የሚጠራ ታክሲ፣ ራይድና ፈረስ አለ፣ ስልካችሁ ላይ ጫኑት። ለማታ፣ ለታመመ ሰው፣ ዕቃ ለያዘ። በየቀኑ ልሂድበት ካላችሁ ግን ደመወዛችሁን ለሾፌሩ በቀጥታ እንዲልኩለት አሠሪያችሁን ጠይቁ። (ሳቅ)

እግራችሁም አለ። ዛሬም በዚህች ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። ከግማሽ በላይ! መኪና ያለው ሰው ጥቂት ሆኖ መንገዱ ግን ለእሱ ሲሠራ ኖረ። አሁን በኮሪደር ልማቱ መሀል ከተማ ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ወጥቷል፣ መብራትም አለው፣ ይሄን ደግ ነገር ደግ ማለት ያስፈልጋል። ፌርማታዎቹ ግን ተነቃነቁ። ትናንት የነበረ መቆሚያ ዛሬ ሣርና አበባ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ ወዴት እንደሄደ የሚናገር ሰሌዳ የለም። ደግሞም ዳር ሰፈሮች ውስጥ ከአስፋልቱ እስከ ቤት ያለው ያው ጭቃ ነው። ትርፍ ጫማ ቢሮ አስቀምጡ። የምሬን ነው።

ሦስተኛው ላይ ደረስኩ፣ ሰዓቱም ሄዷል። ግማሹን ቀድሜ ተናግሬዋለሁ መሰለኝ።

አዲስ አውቶቡስ ተገዛ ሲባል ደስ ይለናል። ይገዛ፣ እሰየው። እኔ የምለው ግን መቆሚያውን ማን ያስባል ነው። መገናኛን፣ ሜክሲኮን፣ ጦር ኃይሎችን አስቡ። በየቀኑ ስንት ሺህ ሰው ነው እዚያ ወርዶ ሌላ የሚይዘው? ያ ሰው በዝናብ ይቆማል፣ በፀሐይ ይቆማል። የትኛው መኪና የት እንደሚጭን የሚያውቀው ተራ አስከባሪው ብቻ ነው፣ እሱንም ካገኛችሁት። እንግዳ ሰው፣ ዓይነ ስውር ሰው፣ በክራንች የሚሄድ ሰው ምን ይሁን? በሰልፉ ልክ የረዘመ ጣሪያ ምን ያህል ቢያስወጣ ነው? «የጀሞ እዚህ፣ የአየር ጤና እዚያ» የሚል በአማርኛም በኦሮምኛም የተጻፈ ሰሌዳስ? ለሴቶች መፀዳጃ ቤትስ?

ሌላው ሰዓቱ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገባል፣ በአንድ ጊዜ ይወጣል። የመንግሥት ሠራተኛው የራሱ ፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ አለው፣ እሱ እንኳ ያው ጭንቅንቅ ውስጥ ነው የሚቆመው። እናንተ አዲስ ገቢዎች ናችሁ፣ አለቃችሁን መጠየቅ ታፍራላችሁ፣ ግን ጠይቁ። «አንድ ሰዓት ቀድሜ ገብቼ አንድ ሰዓት ቀድሜ ልውጣ» በሉ። አንዳንዱ ይስማማል። እኔ ትምህርት ቤቴ ውስጥ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለምኜ የወሰድኩት ለዚህ ነው፣ ባልደረቦቼ ትጋት ይመስላቸዋል።

ባለቤቶችና ሾፌሮች ያሉበት ቦታ ከደረሳችሁ ደግሞ ስለ ገቢው አንሱ። ሾፌሩ የተቆረጠ ብር ከማስገባት ይልቅ ደመወዝተኛ ቢሆን ማቆራረጡ ይቀር ነበር ባይ ነኝ። የሚቃወመኝ ይኖራል፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥም ሚኒባስ ያለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ እየሳቀ ነው። በኋላ እንነጋገር ወንድሜ።

ጥያቄ እቀበላለሁ ብዬ ነበር። ግን ሰዓቴን ሳየው አስራ አንድ ሊሆን ነው፣ ዛሬ ደግሞ አርብ ነው። ስለዚህ ጀሞ፣ አያትና ቱሉ ዲምቱ የምትሄዱ ሳትፈሩ አሁኑኑ ተነሱ፣ ማንም አይቀየማችሁም። ቅርብ ሰፈር ያላችሁ ቆዩ፣ ጥያቄውን ከእናንተ ጋር እንጨርሳለን። አመሰግናለሁ።